ጆግ

ማቪስ በሰባዋ ሶምሶማ ለመደች፣
በግሪምስቢ ወደብ ጎህ ሲቀድ ወረደች።
ዓሣ ጫኙ ጎረምሳ ሣጥኑን አስቀምጦ፣
«ምን ይሉታል ይሄን?» አላት ዓይኑን አፍጥጦ።
«ሩጫ እንዳልለው ዶሮም ይቀድምሻል፣
እርምጃ እንዳልለው ላብሽ ያጋልጥሻል።»
«ጆግ ነው» አለች ማቪስ፤ ትንፋሽ አላስጨረሳት፣
ያች ኩርማን ቃል ግን መንገድ ሙሉ ነዘነዘቻት።

ጆግ ዱብ ዱብ ማለት ነው።
ጆግ ጎሸም ማድረግ ነው፣ ክንድን ክንድ ሲነካው፤
ሻይ በያዘው እጅ ላይ ከሆነ፣ መድፋት ነው።
ሐኪሙም ጆግ ይላል፣ የባሏን ትዝታ፦
«ፎቶ አሳዪው፤ ስም ጥሪለት፤ ቀስቅሺው ላንዳፍታ።»

አሳየችው። ጠራችለት።
ሴድሪክ በትሕትና፣ «እመቤት፣ ማን ልበል?» አላት።

አርባ ዓመት አታሚ ነበረ።
በማተሚያ ቤቱ ደግሞ ጆግ ሌላ ነበረ፦
የተዛነፈ ወረቀት ሰብስቦ፣
ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጎ፣
ጠርዙን ማስተካከል።

ዛሬ ላቧን ሳትጠርግ ገባች፤
ያልከፈተችውን የመብራት ሂሳብ፣
የባንክ ደብዳቤ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣
ጉልበቱ ላይ በተነችው።

እጆቹ ነቁ።
መታ። መታ። በጎኑ ደግሞ መታ።

ስሟን አልጠራም።
ክምሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀበላትና፣
«ይኸው» አላት፣ «ለጥረዛ ደርሷል።»