የጎደጎደው መደብ

ደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣ ቀለም ያልነካው ፎቅ ላይ፣
ይመር ሽበሺ ቆሞ ጠበቀኝ፣ በመስኮቱ ጦሳን ሲያይ።
«ባህል አርግልኝ» አለ፤ «የገባው ሁሉ ‹ወሎ ነው› እንዲል፤
አገልግሉን አንጠልጥለህ አምፖል ክተትበት፤
ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ግድግዳው የሚችለውን ያህል።»
ኮምቦልቻ ሁለት ካፌ፣ አንድ ባንክ ሠርቻለሁ፤
ጥበብ ቀድጄ ትራስ በማልበስ ነው የምታወቀው፣ አውቃለሁ።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ዘጠኝ፤
ባዶነቱ አይደለም፤ የምሞላበት ነገር ነው ያስደነገጠኝ።

በማግስቱ ቢስቲማ ሄድኩ፣ ከአክስቴ ከሉባባ ቤት፤
ከሞተች ዓመት አልሞላትም፣ ቁልፉ ዛሬም ከጎረቤት።
ቤት ሊለካ እንደመጣ ባለሙያ፣ እርሳስ ከጆሮዬ ሰክቼ፣
ገባሁ፣ ጉበኑን ረስቼ።
ግንባሬን አለኝ።
ጎንበስ ያላለ አይገባም ለካ፤ ሰላምታው ከእንጨቱ ይጀምራል፤
አምስት ዓመት ዲዛይን ተምሬ ያልገባኝን በአንድ ምት ያስረዳል።

ምሰሶው ከወገብ በታች ልስልስ፣ ከላይ ጥላሸት፣ ጥቁር፤
ያለሰለስነው እኛ ነን፣ ስንዞረው፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር።
ግድግዳው ላይ ሁለት ችካል፤
በአንዱ የእሷ ሙሰበሃ፣ በአንዱ የምራቷ የደብሪቱ ነጠላ ይውል ነበር።
ጓዳው ውስጥ ሁለት የሸክላ ድስት፤
የእስላሙ ሁለት ጆሮ አለው፤ የክርስቲያኑ ግን አንድ ብቻ ቀርቶት።
ሌላውን የሰበረችው ራሷ ናት፣ ሆን ብላ፣
መብራት የጠፋ ለት
እጇ እንኳ በእንግዳዋ ሃይማኖት እንዳይሳሳት።

ከበሩ ጥግ መደቡ።
በየዓመቱ በጭቃና በእበት ትለቀልቀዋለች፤
አንዷን ቦታ ግን፣ በአንድ ሰው ልክ የሰረጎደችውን፣ ሳትደለድል ትተዋታለች።
«ለምን አትሞይውም?» አልኳት አንድ ክረምት፣ ልጅ ነኝ፣ ደፋር ነኝ።
«የእናቴ ነው» አለች። «ብሞላው የት ልቀመጥ?»
ዛሬ ጥልቀቱን ልለካ ጎነበስኩ፤ ሜትሩ ላይ እጄ እምቢ አለኝ።
በጣት ለካሁት። አራት ጣት።

ደሴ ተመልሼ ጭቃ አስመጣሁ፤ ይመር «እብነ በረድ እያለ?» አለ።
«ጉበኑንም ዝቅ ላርገው?» ስለው፣
«እንግዳ ቢፈነከት ማን ሊከፍል ነው?» ብሎ ማለ።
ግንበኛው እንድሪስ ውሃ ልኩን ጋድሞ መደቡን አስተካከለ።
«እዚህ ጋ ጎድጎድ አርገው» አልኩት፤ ሳቀ፤ አረገው፤ አድሮ ግን አላስቻለው፣
ሙያው ሌሊቱን ሲከነክነው አድሮ መሰል፣ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ሞላው።
በሦስተኛው ቀን፣ ለሱሪዬ ሳላዝን፣ እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ።
ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሥቼ አየሁት፤ አፈርኩ።
የኔው መቀመጫ ነው። የሷ ስልሳ ዓመት የለበትም።
«ሙላው» አልኩት እንድሪስን፤ «በሲሚንቶ ግን አይደለም፤
ሰው ሲቀመጥበት የሚሸነፍ ጭቃ ይሁን፣ ሌላ አልልህም።»

የተመረቀ ለት አንድ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆመው፣ «ቤት ለእንቦሳ!»
መልሱን ባለ ከረባቱ ሁሉ ረሳ፤
አንዱ አስተናጋጅ «ዌልካም» አለ፣ ቀስ ብሎ።
ከወጥ ቤት፣ ሰሃን የምታጥበዋ ናት፣ እጇ አረፋ እንደሆነ፣
ከውስጥ ጮኻ «እንቦሳ እሰሩ!» ያለች።
ሽማግሌው ያን ጊዜ ገቡ።

በዓመቱ ባልፍ፣ ይመር አገልግሉን ሰቅሎታል፣ አምፖል ከቶበት።
ይሁን።
እኔ ያየሁት መደቡን ነው፤ የሰኞ ገበያ ቅቤ ሻጭ
ሂሳቧን እስኪከፍሏት ተቀምጣበት፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣
እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል፣ ገንዘቡንም ሰዓቱንም ረስታ።
ስትሄድ ጎንበስ ብዬ ቦታዋን በመዳፌ ዳሰስኩ፤
ግማሽ ጣት ይሆናል። ወይ ለእኔ መሰለኝ።
እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፣
የት እንደምጽፈው ግን ጠፋኝ።