ሠላሳ ሜትር

ከሳሎን መስኮቴ እስከ አባቴ በር፣
ሠላሳ ሜትር ነው፤ ለክቻለሁ በክር።
መሀሉ አቮካዶ፣ ከሥሩ በርሜል አለ፣
ጠብታ ሲቆጥር ከሰኔ የዋለ።

አባቴ ከዋናው ቤት አምና ነው የወጣ፤
ምንም አልተናገረም፣ አልጮኸም በቁጣ፤
ፍራሹን ጠቅልሎ፣ መሮና መላጊያ፣
ሰርቪሷን ያዛት፣ መሥሪያም፣ ማደሪያ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልሸሽግም ዛሬ፤
የጣልያን መጋዙን፣ ያንን የብረት አውሬ፣
በኪሎ መዝኜ ለቆራሌ ሸጥኩት፤
ሳሎኑን በብሩ ሴራሚክ አለበስኩት።
ከጁምዓ ሲመለስ ቦታው ላይ ያገኘው፣
አራት የቡሎን ጉድጓድ፣ የደረቀ ዘይት ነው።

በሐምሌ አንድ ማታ (ጅማ በዝናብ አትታማ)
ሌባ መስሎኝ ነበር፣ ኮቴ ነገር ስሰማ።
ጃንጥላ በአንድ እጁ፣ በአንዱ ስልክ ይዞ፣
አገጩ ሰማያዊ፣ እንደ ችካል ፈዞ፣
አባ መጫ ራሱ፣ ሰው የሚያፍረው አናጢ፣
ላንዲት መስመር ዋይፋይ የዝናብ ውሃ ጠጪ።

ረውዳ መጋረጃውን በጣቷ ገለጠች፤
«ሲግናሉ ግድግዳ አይወድም» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።
«የይለፍ ቃሉንስ ማን ነገረው?» ብዬ
ዘወር ስል፣ ሙዓዝ ተኝቷል፣ ልጅዬ፣
አንድ ዓይኑን ገልጦ።

በማግስቱ ሂርማታ፣ ጣሃ ሱቅ ሄድኩኝ፤
«ማጉያ ብትሰካ ይበቃሃል» አለኝ።
ሰካሁ። ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ በራ፤
ማታ ዝናብ ሲመጣ ቀይ ሆነና ኮራ።
«ቆርቆሮ ነው» አለ ጣሃ፣ «አየሩን ይመልሳል፤
እንደ ተቀየመ ሰው፣ ስታንኳኳው ዝም ይላል።
ገመድ ሳብ ወንድሜ፤ በአየር አይሆንም፤
ለኩርባው አምስት ጨምር፤ ቀጥ ያለ መንገድ የለም።»

ቅዳሜ፣ በካፊያ፣ ቱቦ ውስጥ ከተትኩት፣
ከአቮካዶው ቅርንጫፍ በላስቲክ አሰርኩት፤
ጭቃው አንድ ጫማዬን ወሰደ፣ ተውኩለት።
ጫፉን ይዤ ደረስኩ። ግድግዳው ቀረና፣
መሰርሰሪያ የለኝም፤ ያለው የእርሱ ነውና፣
ቆምኩ።
ከውስጥ መላጊያው ሄደ፣ መጣ፣ ሄደና
ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ።
ገመዱን አየው፣ እኔን ሳያይ።
«ስንት ሚሊ ነው?»
የዓመቱ የመጀመሪያ ቃል። ስንት ሚሊ።
«ስምንት» አልኩት።
«አሥራ ሁለት ይሁን፤ ጭንቅላቱ ይሰፋል።»
ቆርቆሮውን ከነማገሩ ከውስጥ ወደ ውጭ በሳው፣
ጫፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ፣
ውሃ ወደ ቤት እንዳይሄድ።
ገመዱን እኔ ገፋሁ፣ እርሱ ሳበ።
ለአንድ አፍታ ሁለታችንም ያዝነው።
ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ በየማታው ያቺ ትንሽ መብራት
በሰርቪሱ ስንጥቅ ትጠቅሳለች፣ ሳያጠፋት።
ሙዓዝ ነው የነገረኝ የሚያየውን ነገር፦
አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ ሚስማር ሳይቀረቅር፣
እንጨት ከእንጨት ጋር በጥርሱ ሲያዋድድ፤
ቪዲዮው ድምፅ የለውም፤ ከመሮው በቀር።
«አያቴ መልሶ መልሶ ያየዋል፤
ሲገጥም ‹አዎ› ይለዋል።»

ትናንት ከምሽቱ ሦስት ስልኬ ጢን አለ።
መልእክት። ከአባቴ።
ከግቢያችን ወጥቶ፣ አዌቱን ተሻግሮ፣
አዲስ አበባ ደርሶ፣ ምናልባትም ዞሮ
ስሙን በማላውቀው በአንድ ባሕር ሥር፣
ሳሎኔ የገባ፣ ከሠላሳ ሜትር፦

«ዕቃው ይሞቃል። ያመዋል?»

«ራውተር ሲሠራ ሁሌም» ብዬ ጻፍኩና
አጠፋሁት።
ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ነበር።
ባዶ እግሬን፣ በቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ፣
እጄን እያሞቅሁ ወጣሁ፣
ትኩሳቱን ልለካ።