ስሙ አበጀ

ፕላስቲኩ ገና ከወንበሩ ሳይላጥ፣
ሰማንያ ሲሞላ ጀመረው መንቀጥቀጥ።
ከእግሬ ሥር ተነሥቶ፣ በጉልበቴ አልፎ፣
ጥርሴ ላይ ይሰፍራል እንደ ንብ ተቃቅፎ።

«አዲስ ነው፣ ይለምዳል» አለ ሻጩ ስቆ፤
የለመድሁስ እኔ፣ ወገቤ ተላቅቆ።

ማርቆስ ላይ አበጀ ከሥሩ ተጋድሞ፣
ካርዳኑን ዳበሰ፣ ክሮቼራውን ደግሞ።
ጠመኔ ቀብቶበት፣ ፈትቶ አዙሮ አሰረ፤
ሉማሜ ደርሰን መጣን፤
ያው እንደነበረ።

እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣
ቆመ ከበሩ ላይ አንገቱን አዘንብሎ፤
«ሰባን እንዳታልፍ!» ሲል አዋጅ አወጀ፤
በስሙ ካልሆነ በእጁስ አላበጀ።

አሁን ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሲቀድመኝ፣
እጄን አወጣለሁ፤ ሰባ ላይ ደኅና ነኝ።
ቁልቁለቱ ላይ ግን ሰባ አንድ ሲያደርሰኝ፣
ያ ንብ ጥርሴ ሥር ሆኖ «አለሁ፣ አለሁ» አለኝ።