ተኝቶ ታካሚ

«ተኝቶ ታካሚ» ይላል ወረቀቱ፣
ልጄ ግን አልተኛም፣ ስድስት ሆነ ሌቱ።
ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ታቅፎ፣
ያነጋል አለች ነርሷ፣ ሸሚዙን ገፎ።

እኔ ደግሞ እዚህ፣ ቢጫው አውቶብስ ውስጥ፣
ልጆቹን አራግፌ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣
ስልኩን በትከሻና በጆሮዬ ቆንጥጬ
አርባ ደቂቃ ሙሉ ፒያኖ እሰማለሁ።
መሃል ላይ አንድ ድምፅ፦ «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከደመወዜ ቆረጡ፣
የኦሃዮ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ሲዘጋ
እነሱ ግን መጡ።
መቁረጥ ላይ ያውቁኛል፣
መክፈል ላይ ስሜ ይጠፋቸዋል።

«የልደት ቀን?»
የእኔን ነው የእሱን?
«የእሱን፣ ወይዘሮ ስቲድሃም።»
ኤፕሪል ዘጠኝ። ያለ ወቅቱ በረዶ ጥሎ ነበር፣
ወንድሜ ዴልመር በወተት መኪና አደረሰኝ።
ይህን አልጠየቀችኝም።

ኮርቢን ጣሪያ ሠሪ ነበር።
ከባፕቲስቶቹ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ፣
ወገቡ ደቀቀ፣
ሐኪሙ ክኒን ጻፈለት።
ያን ጊዜ መድኑ ከፈለ፤
ያለ ፈቃድ፣ ያለ ይግባኝ፣ ያለ ፒያኖ፣
ሠላሳ ፍሬ፣ ስልሳ ፍሬ፣ ዘጠና ፍሬ።
ማሰሪያውን በነፃ፣
መፍቻውን በልመና።

ሰባት ቀን ፈቀዱ። ሰባት!
እግዜር እንኳ በስድስቱ ዓለሙን ፈጥሮ
በሰባተኛው አርፏል፤
የልጄ እጅ በሰባተኛው ገና ማንኪያ መያዝ ይማራል።

«የሕክምናውን አስፈላጊነት አላገኘነውም» አለች።
እንዴት አላገኛችሁትም?
«ሙቀቱ ወርዷል። ሾርባ ጠጥቷል።
ከቡድኑ ጋር ተቀምጧል።
ትናንት በአሥር ሰዓት፣ እዚህ ተጽፏል፣ ስቋል።»

ስቋል።
ሁለት ዓመት የናፈቀኝን ሳቅ
ከከልካዩ አፍ ሰማሁት።

«ከነገ ጀምሮ በራሳችሁ ነው፣
ወይ በቀን እየተመላለሰ ይታከም።»
ዘጠና ማይል ነው መመላለሻው፣
መንገዱም የሚያልፈው በሻጩ በር ነው።

ያኔ ነው ያሰብኩት። ጌታ ሆይ፣ ጆሮህን ያዝ።
ምነው ትኩሳቱ ባልወረደ፣
ምነው ሾርባውን ባስመለሰው፣
ምነው ነርሷ ብዕሯ በነጠፈ።
እናት ነኝ፤ ለልጄ በሽታ ተመኘሁለት፤
በሽታው ነበርና የአልጋው ኪራይ።

ለአንድ ቀን ዘጠኝ መቶ አርባ ዶላር።
ዴልመር የዓሣ ጀልባውን በአራት ሺህ ሁለት መቶ ሸጠ፣
አራት ቀን ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጀልባ።
አሁን ዕቃ ሁሉ በቀን ይታየኛል፤
የጣቴ ቀለበት አንድ ሌሊት ነው፣
ልብስ ማጠቢያው እስከ ቁርስ፣
የሟቹ ባሌ ጠመንጃ እስከ እራት።
መድን ሌላ፣ መዳን ሌላ።

ሴትዮዋ ዝም አለች።
መስመሩ አልተቆረጠም፣ ፒያኖውም አልመጣም።
ከዚያ ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት ይመስላል፦
«ይግባኝ ሲሉ ‹አስቸኳይ› የሚለውን ቃል ይጻፉበት፣
ሐኪሙም ይፈርምበት፤
በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለባቸው።»
አለባቸው አለች።
አለብን አላለችም።

በልጆች መቀመጫ ዝርዝር ጀርባ ላይ ጻፍኩት፣
አስቸኳይ፣ ሦስት ጊዜ፣ እስኪቀደድ ወረቀቱ።
ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ፣
አንዷ የጥርሷን መውለቅ አፏን ከፍታ አሳየችኝ፣
እኔም ማርሹን አስገባሁ።

ማታ ኮርቢን ደወለ፣ አምስት ደቂቃ ተፈቅዶለት።
«ትናንት እኮ ሳቅኩ፣ እማ» አለኝ።
አውቃለሁ አልኩት።
«ማን ነገረሽ?»
መድኑ።
ጥቂት ዝም አለና
እንደገና ሳቀ።
ይህኛውን ማንም አልጻፈው።