መራጭ

ረሆቦት፣ ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ፣ ከብርቱካኑ መስመር ዳር፣
አባቴ ሠላሳ ዓመት ቆመ፣ ፍሬ ከፍሬ ሲያማትር።
ቀበቶው ይሮጣል፣ ፍሬው ይንከባለላል፣
እሱ ግን አንዷን ብድግ ያደርጋል፣
ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ከጆሮው ያስጠጋል፣
እንደ ሕፃን ደረት ያደምጣል፣
«ይቺ ታማለች» ብሎ ከጎን ያኖራታል።
ሰንጥቆ ላየ ሰው ውስጧ ትል ነበረ፤
ሰንጥቆ የሚያይ ግን አልነበረ።

እናቴ ስም አይቸግራትም።
ሰኞ «ነዝናዛ» ነው፤ ማክሰኞ አትደግመውም፤
ማክሰኞ «ጨቅጫቃ»፣ ሐሙስ «ፀጉር ሰንጣቂ»፣
ዓርብ፣ የገበታው ጨርቅ ጣት ታህል ዘመመ ሲላት፣ «አቃቂር ናፋቂ»።
ሳቋ ከቀደማት የሀገር ቤቱን ተረት ታመጣለች፣
«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ!» ትላለች።
«ወደቅኩ እኮ» ይላታል፣ «አንቺን አይደል ያገኘሁ?»
ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቀልድ ሰማሁ፤
አንድም ቀን ሳትስቅለት አላየሁ።

ወገራ ሳሉ፣ እኔ ሳልወለድ፣
ጎረቤት «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር፤
ገበያ የዋለ፣ ወገን ቢሆን እንኳ፣
ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ደጃፍ አይሻገር።
አባቴ ያንን ስም አልጠላውም።
«መለየት ሥራ ነው» ይላል፣ «መናቅ አይደለም።»
ይህን ሲል እጁ ከምስር ውስጥ ጠጠር ይለቅማል።
ምስሩ ከሱፐርማርኬት ነው፤ ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ ታሽጎ የመጣ።
ጠጠር ግን ያገኛል።

ሥራ አስኪያጁ ኤርንስት፣ በልጅነቱ ከጀርመን የመጣ፣
ለሰላምታ እንኳ ከሰዓቱ ደቂቃ የማያወጣ፣
በኮቱ ኪስ ማስመሪያ፣ በሸሚዙ ኪስ እርሳስ፣
አንድ ቀን ከአባቴ ጎን ቆመ፣ ሳይናገር ሳይተነፍስ።
ሃያ ሳጥን አስገለበጠ፣ አንዲት ብላሽ ፈለገ፤
አጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።
«አዛናው» አለ፣ «አንተ ዬኬ ነህ!»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
ዬኬ ማለት እዚህ አገር፣ ለጀርመን አይሁድ የወጣ፣
ሾርባውን በሰዓት የሚጠጣ፣
እንግዳው አምስት ደቂቃ ቢቀድም ከደጅ የሚያስቆም ሰው ስም ነው።
አባቴ ማታ ጠየቀኝ፦ «ስድብ ነው ወይስ ሹመት?»
«ሁለቱም» አልኩት።
ተኛ፣ ደስ ብሎት።

እኔ በክሊኒኩ አስተርጓሚ ነኝ፤ ቃል ስመዝን ነው የምውል።
ሐኪሙ ስለ አንዲት እናት «ኑድኒክ ናት» ሲል፣
ኪኒኗን ሦስቴ የቆጠረችውን፣ ምን ልበል?
«አስቸጋሪ» ብል ይበዛል፣ «ጥንቁቅ» ብል ሐኪሙን ይዋሻል፤
ባንዱ ቃልና በሌላው መካከል
አባቴ ብርቱካን ይዞ ቆሟል።

በብርቱካን ወራት ሞተ።
ስሙን በፊደላችን ጽፌ ለጠራቢው ሰጠሁ።
ኒሲም ጥሩ ሰው ነው። ወረቀቴን አየ፤
«ዛ» አንድ እግሯ ረዝሟል፣ ሌላው አጥሯል፤
«ልጅቷ እያለቀሰች ጽፋው ነው» ብሎ
ሁለቱን እኩል አድርጎ ጠረበልኝ፣ በደግነት።
«አዘናው» ሆነ። ሐዘን ገባበት፣ ከስሙ መሐል።

«እንደገና» አልኩት።
ሁለተኛው ላይ ፊደሉ ቀና፤ መስመሩ ግን፣ ጣት ታህል፣ ዘመመ።
«እንደገና።»
«ከመንገድ ሆኖ ይህን ማን ያየዋል?» አለኝ።
«እሱ።»

መዶሻውን አስቀመጠ፣ የእብነ በረዱን አቧራ ከቅንድቡ አራገፈ፣
በእናቱ ቋንቋ፣ በሞሮኮ ዓረብኛ፣ አንዲት ቃል ተነፈሰ፣
ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።
አስተርጓሚ ነኝ፤ ዓረብኛ ግን አልችልም።
አልጠየቅኩትም።
ክሬን አውጥቼ ሦስተኛውን ድንጋይ ስለካ፣
ያችን ቃል ከድምፁ ለየኋት፦
የሰኞዋ ነበረች።