ሳንቃው የት ሄደ?

አባቴ ኤርሜሊንዱ፣ ሴቱባል ወደብ ላይ፣
አርባ ዓመት ፎርማ መታ በጨው ነፋስ፣ በፀሐይ፤
ሚስማሩን በጥርሱ በረድፍ በረድፍ ነክሶ፣
ሳንቃ ከሳንቃ ገጥሞ፣ ስንጥቁን ደፍኖ ጨርሶ፤
ሲሚንቶው የጠና ለት ግድግዳው የሌላ ሰው፣
ሳንቃው የምድጃ ነው፣ ሚስማሩ የዝገት ነው።

ይህ ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ ከመሰላል ወድቆ
አንጓውን ሰበረና መጣ፣ ክንዱ በጄሶ ታንቆ።
"አጥንትህ ሳስቷል ይላል ሐኪሙ። አጥንት ምንድን ነው?
ድንጋይ ነው? እንጨት ነው? ትምህርትሽ ምን አለው?"

በቃል አልመለስኩም። ከምሳችን የተረፉ
ሁለት የዶሮ ቅልጥሞች፣ ሥጋቸው የተገፈፉ፣
አንዱን በኮምጣጤ ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፌ፣
አንዱን በቤተ ሙከራ ከእቶን እሳት አሳልፌ፣
በሳምንቱ እሁድ ሁለቱንም ፊቱ አኖርኳቸው።
"በል ንካቸው።"

የኮምጣጤው አጥንት፣ ድንጋዩ ሟሙቶ ያለቀው፣
እንደ ጎማ ታጠፈ፤ አባቴ ቋጠረው።
የተቋጠረ አጥንት በዕድሜው አይቶ አያውቅ፤
ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ እስኪነቃነቅ።
የእቶኑ ግን ነጭ ነው፤ ቅርጹ ምንም አልጎደለ፤
አውራ ጣቱን ቢያሳርፍበት እንደ ዱቄት ቡን አለ።
ሳቁም እዚያው ቆመ።

ያኛው ያለ ድንጋዩ ልፍስፍስ፣ ይኼኛው ያለ ገመዱ አመድ።
"ኮላጅን ይሉታል" አልኩት፣ "ሦስት ክር የተፈተለ ገመድ።
ካልሲየምና ፎስፌት ሲገናኙ ለመርጋት ይቸኩላሉ፤
በየደም ሥሩ፣ ባገኙት ጥግ፣ ድንጋይ መሆን ይሻሉ።
አሲድ ያዘሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ እንደ ሥራ ኃላፊ፣
'ቆይ፣ እዚህ አይደለም' እያሉ ወደ ውስጥ አስተላላፊ።
እንደ ጠብታ አለስልሰው ወደ ገመዱ ክፍተት ይነዱታል፤
እዚያ ሲደርስ ብቻ 'አሁን ጥና፣ በገመዱ ልክ ተኛ' ይሉታል።"

"ፌሮ ነዋ!" አለ አባቴ። "ከግድግዳው ጋር የሚቀር።
ገባኝ። ግን አንቺ ሥራሽ ጥርስ ነው። የጥርሱስ ነገር?"

"የጥርስ ገጽ ሌላ ነው፤ አሜሎጀኒን ይሉታል ፎርማውን።
ክሪስታሉን እንደ ክር ያስረዝማል፤ ይከለክለዋል ውፍረቱን።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ ሥራው አለቀ።"
አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ።
"ሳንቃው የት ሄደ?"

ስድስት ዓመቴ ነው፣ የአይጥ ጥርስ ላይ በማይክሮስኮፕ ሳፈጥበት፤
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ስንት ጉባኤ በቆምኩበት።

"ተበላ። ኢንዛይም መጥቶ ቆራርጦ ወሰደ።
እሱ በለቀቀው ቦታ ነው ድንጋዩ የወፈረ፤
አናጢዎቹ ሕዋሳትም፣ ጥርሱ ድድ ቀዶ ሲወጣ፣ አንዳቸውም አልነበረ።
ለዚህ ነው የተሸረፈ ጥርስ እንደ አጥንት የማይጠገነው፤
ቤቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከሞተ ቆይቶ ነው።"

ምንም አላለም። ኮቱን በደህናው እጁ ደረበ፤
በአውቶቡስ ይዞኝ ወረደ፣ ባሕሩ ወደ ቀረበ።
አሮጌው የሰርዲን ፋብሪካ፣ የኋላ ግድግዳው ሥር፣
ጣቶቼን ወስዶ አስነካኝ። "ዳስሺ" አለ፣ "በዝርዝር።"
ቤቶኑ ላይ የእንጨት ጅማት፣ የጥድ ቀለበት ይታያል፤
ሳንቃው ከነደደ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ መልኩ ግን ይነበባል።
"ይቺን ጉጥ አየሻት? ሦስት ሚስማር ያጣመመችብኝ እሷ ናት።
እናትሽ ያን ክረምት ፈልጣ ሾርባ አፈላችባት።"

ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የእናቴን ኪሮሽ ከኪሱ አወጣና
ከጄሶው ሥር ሰደደው፤ ጥግ ጥጉን አከከና
"እንዴት ያሳክከኛል!" አለ።
"ተዋቸው" አልኩት።
"ፌሮ እያሰሩ ነው። ሲሚንቶው አልደረሰም ገና።"