ሽፍታው

በፋሮ ደሴቶች፣ ጭጋግ በዋጠው ደጅ፣
መረብ ስጠግን ነው ያየሁት የልጄን እጅ።
ምድጃው ተጋግሎ፣ ግንባሯ እያላበ፣
እጅጌዋ ወርዶ እስከ ጣቷ ተሳበ።
«ምን ሆነሽ፣ ራንቫ?» አልኳት ቀና ብዬ።
«ሹራቡ አሳክኮኝ፤ ሱፉ ነው፣ አባዬ።»
ሱፉ ነው አለች እንጂ፣ ክንዷን ሳትገልጠው
ዐይኗ ያረፈው ግን ክኒን ብልቃጡ ላይ ነው።

ገባኝ።

አምስት ሳምንት አለፈ የሚጥለው ከተዋት፣
ከዓሣ ፋብሪካው ወለል ሰው ደግፎ ካነሣት፤
አምስት ሳምንት ሙሉ ምላሷ ሳይደማ፣
የወደቡን ደረጃ ወጣች በጨለማ።
ይህን ነው የሸሸገች፤ ሽፍታውን አይደለም፤
ክኒኑን ቢነጥቋት ሌላ አምስት ሳምንት የለም።

ሽፍታ ሲነሣ አገር በሁለት ይቆማል፤
አንዱ ጦር ይምጣ ይላል፣ አንዱ ይሸሽጋል።
ልጄ ሸሸገችው፣ ክንዷን ዋሻ ሰጥታ፣
ስንቁን አቀበለች ጠዋትና ማታ።

ጀልባ የለም ዛሬ፤ ጭጋጉ አልለቀቀም።
የነርሷ የማርዩን ስልክ ግን አልደከመም።
«ትኩሳት አላት ወይ?» «የላትም።» «ዐይኗስ ቀልቷል?»
«አልቀላም።» «ከንፈሯ፣ አፏ ውስጥስ ቆስሏል?
ፊቷ አብጧል?» «የለም።» «ሲነኩት ቆዳዋ
ያማታል? ወይስ ማሳከክ ብቻ ነው ዕዳዋ?»
«የለም» ባልኩ ቁጥር ጉልበቴ ተመለሰ፤
መረቡ ከጭኔ ላይ ሳላውቅ ፈሰሰ።

«ትንሽ ሽፍታ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይናቅ።
በራስሽ አታቋርጪ፤ ዶክተሩን ልጠይቅ።»
ደወለች መልሳ፦ «መጠኑን ቀንሺ፤
ሱፉን አውልቂና ስስ ጥጥ ልበሺ።
ትኩሳት ከመጣ፣ አፍሽ ከቆሰለ፣
ሌሊትም ቢሆን ጥሪኝ፤ ሄሊኮፕተር አለ።
አባትሽ ዙሪያውን ያስምርልሽ አሁን።»

የዓሣ ሣጥን ላይ የምጽፍበትን ብዕር
አነሣሁ፤ ክንዷ ላይ ሠራሁለት አጥር።
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መስመሩ ጠመመ።
ሳቀች፦
«አሥራ ስምንት ነበር የደሴታችን ቁጥር፤
አንድ ጨመርክ፣ አባ፣ ያውም ባለ ድንበር!»

ሌሊቱን በየሰዓቱ መብራት ይዤ ገባሁ፤
እሷ ተኝታለች፤ እኔ ድንበር ጠበቅሁ።
ሲነጋ ሽፍታው ከመስመሩ አላለፈም።
በሦስተኛው ቀን ደበዘዘ፤ ግን አልተማረከም።
በሳምንቱ የለም።

ቀለሙ ነው የቀረው፤
የዓሣ ሣጥን ቀለም ጨው ውኃ አይሽረው።
ራንቫ ሥራ ገባች፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
ሰው አልባ ደሴቷን ይዛ እንደ ወለባ።

ክኒኑ ግማሽ ነው። ሙሉ ይሁን አይሁን
ዶክተሩ አልነገረን፤ አልጠየቅነውም እኛም።
ስድስተኛው ሳምንት ገባ። ከመረቤ ገና
አንድ ዐይን ይቀረኛል፤ አልዘጋሁትምና።